ገማቾቹ ከመምጣታቸው በፊት፦ የቢቸናና የሞጣ አመፅ መነሻዎች

ኅዳር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 255 አወጣ። በዚህ አዋጅ ለዘመናት ሲከፈል የኖረው አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። አራሹ በዓመቱ ያገኘው ምርት ይገመታል፣ ግምቱ በገንዘብ ይሰላል፣ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይከፍላል። አዋጁን ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው ፍርዱን ከመንግሥት ጋር ያደርጋል። በሰፊ መሬት ላይ ተቀምጠው ለግምጃ ቤት ጥቂት ብቻ ሲያስገቡ የኖሩትን ትልልቅ ባለመሬቶች የሚነካ፣ ትንሹን ገበሬ ግን ብዙም የማያስጨንቅ ሕግ ይመስላል። ባለመሬቶቹም ይህ ገብቷቸው ስለነበር በምክር ቤት ውስጥ አጥብቀው ተከራክረውበታል። ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ግን ከእነርሱ ወገን አልነበረም። የተነሣው የጎጃም ትንሽ ገበሬ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ ያሉት የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ሰው።

ይህ ታሪክ የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ሊቀልለት የሚችል ግብር የተጣለበት ሰው ስለምን ሞትን መረጠ?

በጊዜው የተሰጡትና ከዚያም በኋላ የተደጋገሙት መልሶች ሦስት ናቸው። የመንግሥት ሹማምንት ገበሬው ሕጉን አልተረዳም፣ ጥቅማቸው የሚቀርባቸው የአካባቢ ባላባቶች አሳስተውታል አሉ። ግራ ዘመሞቹ ወጣቶች በበኩላቸው አመፁን ጭቁኑ ገበሬ በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ ያነሣው ክንድ አድርገው አዩት። ሦስተኛው መልስ በጎጃም ውስጥ በሹክሹክታም በአደባባይም ሲነገር የቆየው ነው፤ ጠቡ የጎጃምና የሸዋ ነው የሚል። ከሦስቱ አንዱንም ሐሰት ነው ብዬ አልጥለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ገበሬው ያልተረዳው ሕግ ከሆነ፣ በቀላሉ ሊያስረዱት ሲችሉ ለምን አልሰማም? የመደብ ትግል ከሆነ፣ የራሱን የአካባቢ ሹማምንትና ካህናት ለምን ከጎኑ አሰለፈ? የጎጃምና የሸዋ ጠብ ብቻ ከሆነስ፣ ከጎጃም ሰባት አውራጃዎች መካከል እሳቱ በጥቂቶቹ ላይ ለምን በረታ?

የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የአቴናንና የስፓርታን ጦርነት ሲጽፍ፣ ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ የተካሰሱበትን ጉዳይና በልብ ውስጥ የተቀመጠውን ፍርሃት ለያይቶ አስቀምጦታል። በጎጃምም በአደባባይ የተነሣው ክስ ግብር ነበር። ፍርሃቱ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር፤ እርሱን ለማየት ከ1960 ዓ.ም. ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል።

የቢቸና ገበሬ የሚያርሰው ጥቁር አፈር ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል፣ ከአገሪቱ ምርጥ መሬቶች የሚቆጠር ነው። ይህ መሬት ግን የማንም ብቻውን አልነበረም። ከብዙ ትውልድ በፊት አገሩን ካቀናው አባት በአባትም በእናትም በኩል እወለዳለሁ የሚል ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከዚያ መሬት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ በኩል በአንዱ ደብር፣ በእናቱ በኩል በሌላው፣ በሴት አያቱ በኩል ደግሞ በሦስተኛው ርስት አለኝ ይላል። መብቱ የሁሉም ነው፤ መሬቱ ግን የሚደርሰው ትውልዱን ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ለረታው ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የአንድ ገበሬ ይዞታ በዕድሜው ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ እንደገና ይሰፋል። ብልህ፣ አንደበተ ርቱዕና ባለወገን የሆነ ሰው ከአያቱ የበለጠ መሬት ሊይዝ ይችላል፤ ሰነፉ ደግሞ ከአባቱ እጅ ያነሰ ይቀረዋል። በዚህ አገር ክርክሩ ራሱ የመሬት አያያዙ አካል ነበር። ያልተቋጨ መሆኑም ለብዙዎች ተስፋ ነበር፤ ዛሬ የተረታ ነገ ሌላ ምስክር ይዞ ሊመለስ ይችላልና።

በዚህ ላይ የግብሩን አጣጣል መጨመር ያስፈልጋል። በጎጃም ግብር የሚጣለው በአንድ ሰው ማሳ ላይ ሳይሆን በአገሩ ላይ ነበር። ቁርጥ ያለ መጠን በአንድ አካባቢ ላይ ይመደባል፤ ነዋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ያወጡታል፤ ጭቃ ሹሙ ሰብስቦ ያስገባል። መንግሥት የማንን ማሳ ማን እንደሚያርስ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። አላወቀምም።

አሁን የአዋጅ ቁጥር 255ን አሠራር በዚህ ዓይን እንየው። ገማቹ ወደ መንደር ይመጣል። ይህ ማሳ የማነው ይላል። ስንት ኩንታል ይሰጣል ይላል። የሰውየውን ስም፣ የማሳውን መጠን፣ የምርቱን ግምት በመዝገብ ይጽፋል። ለገንዘብ ሚኒስቴር ይህ ቀላል የሒሳብ ሥራ ነው። ለገበሬው ግን ትውልድ ሙሉ ሲከራከርበት የኖረ መሬት በአንድ ቀን በአንድ ሰው ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ነገ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ምስክር ሽማግሌው ሳይሆን ያ ወረቀት ቢሆንስ? መሬቱን ዛሬ የያዘው ሰው ባለቤት ሆኖ ቢጸናስ? ሌሎቹ ወራሾች ተረስተው ቢቀሩስ? ከዚህም የከፋው ጥርጣሬ አለ። የተጻፈ መሬት ይለካል፤ የተለካ መሬት ደግሞ የመንግሥት ይሆናል።

ይህን ፍርሃት አጉል ወሬ ብሎ ማለፍ የዚያ ዘመን ሹማምንት ስሕተት ነበር፤ ወሬው ከሚታይ ነገር የተነሣ ነውና። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ ቀላድ በተጣለበት አገር ሁሉ ምን እንደሆነ ጎጃሜው ሰምቷል፣ ብዙው ወታደር ሆኖ ሄዶ በዓይኑም አይቷል። መሬቱ በጋሻ ተለክቶ ለሹምና ለወታደር ተደለደለ፤ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። የቀድሞው ባለመሬት በገዛ መሬቱ ላይ ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። ነገሩም የሩቅ ዘመን ታሪክ አልነበረም። በ1950ዎቹ በባሌ መሬት እየተለካ፣ ውዝፍ መክፈል ያቃተው ገበሬ ይዞታውን እያጣ ነበር። በዋቆ ጉቱና በሌሎች የሚመራው የባሌ አመፅ በ1955 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ የቢቸና ገበሬ ጠመንጃውን ሲያነሣ ገና አልበረደም ነበር። ገማች ከፊት፣ ለኪ ከኋላ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ እየኖረ ከነበረ፣ እንዲያ የሚያስብበት በቂ ምክንያት ነበረው።

ጎጃም ከመንግሥት ጋር በመሬት ግብር ሲጋጭም ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ግብር የሚጥል አዋጅ ወጣ። ጎጃም አልተቀበለውም፤ መሬት ለኪ ማየትም አልፈለገም። መንግሥት ገና መልሶ እየቆመ ስለነበር በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብርና አሥራት ሕግ አፈገፈገ። በተለኩት አገሮች ግብሩና አሥራቱ አንድ ላይ ለለም ጋሻ 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ሆኖ ሲወሰን፣ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ ግን ከጠላት ወረራ በፊት በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት የነበረውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ጎጃሜው ከዚህ የተማረው ነገር አንድ ነው፤ ጠንክሮ የቆመ መሬቱን ያስከብራል። በ1942 ዓ.ም. እንደገና በግብር ምክንያት ጎጃም ውስጥ አመፅ ተነሣ፤ ትምህርቱም ጸና።

በመካከሉ ቢቸናን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የዚህ አገር ሰው ነው። በወረራው ዘመን በአባይ በረሃና በደጋው መካከል እየተወረወረ ጣሊያንን ያስጨነቀ፣ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማችነት ተሰጥቶት ቢቸናን የገዛ አርበኛ ነው። ከእርሱ ያነሰ ዋጋ የከፈሉ፣ እንዲያውም ከጠላት ጋር ያደሩ ሰዎች የበለጠ ማዕረግ አገኙ ብሎ ቅር ተሰኘ፤ በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋጋ። ተይዞ ታሰረ፤ ከእስር ለማምለጥ ሲሞክር እንደገና ተይዞ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የበላይን ሞት ከግብር ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይገባም፤ የእርሱ ጠብ የሹመትና የክብር ነበር። ነገር ግን መንግሥት በግብሩ ጉዳይ ለጎጃም ባፈገፈገበት በዚያው ዓመት የቢቸናን ጀግና ሰቀለ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ያየ ሕዝብ ስለ አዲስ አበባ ምን ዓይነት ሐሳብ ይዞ እንደሚያድግ ለመገመት አያስቸግርም። የጎጃሙ አርበኛና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህም በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከስሰው ታሰሩ። አርበኛው በየቤቱ ጠመንጃውን ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ልጆቹም ምንሽርና ዲሞትፈር መፍታትና መግጠም እያዩ አድገዋል። ምክንያቱን ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅሬታ በብዙ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ቅሬታ፣ ጠመንጃና የመዋጋት ልምድ አንድ ላይ የተገኙት ግን በጥቂት ቦታ ነው።

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የሸዋ ሰው ናቸው። ሕዝቡ በእርሳቸው ላይ የነበረው ምሬት አዲሱ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የጀመረ ነው። ከአቤቱታዎቹ መካከል መዋጮ በየምክንያቱ መሰብሰቡ፣ የጦር መሣሪያ ካልተመዘገበና ካልተከፈለበት መባሉ፣ ሹመቱ ለአገሬው ሰው ሳይሆን ከውጭ ለመጣ መሰጠቱ ይገኙበታል። የጠመንጃ ምዝገባውን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ጠመንጃውን ያስመዘገበ ሰው ሲፈለግ ይወሰድብኛል ብሎ ይፈራል፤ መሬቱን ያስጻፈ ሰውም እንዲሁ። ሁለቱ መዝገቦች በገበሬው ዓይን የአንድ እጅ ሥራ ነበሩ። ስለዚህ አዲሱ የግብር አዋጅ ጎጃም የደረሰው ለሕዝብ ታማኝነት ባጣ አስተዳደር እጅ ነው። አንድን አዲስ ግብር የሚያስረዳው ሰው ራሱ የማይታመን ከሆነ፣ ሕጉ መልካምም ቢሆን የሚሰማው አያገኝም።

የገንዘብ ሚኒስቴርን ወገንም ማየት ይገባል፤ ያለዚያ ታሪኩ የአንድ ወገን ክስ ሆኖ ይቀራል። በገንዘብ ሚኒስትሩ በይልማ ደሬሳ ዘመን የአገሪቱ ወጪ በፍጥነት ይጨምር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ጦሩ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በእርሻ ሲኖር ከእርሻ የሚገባው ግብር ግን ጥቂት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሟል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ገቢን መሠረት ያደረገ ግብር የለውጥ እርምጃ ነው ብሎ ያመነ ሹም ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ሕጉ የተጻፈው ማሳ ሁሉ የታወቀ ባለቤት አለው፣ ገቢውም ለብቻው ይታወቃል በሚል አሳብ መሆኑ ላይ ነው። በአርሲ ወይም በሐረርጌ ይህ ሊሠራ ይችል ይሆናል። በጎጃም ግን ያንን ለማወቅ መሞከር ራሱ በርስት ላይ እጅ መጫን ነበር።

ገማቾቹ በ1960 ዓ.ም. በጋ ወደ አውራጃዎቹ መውጣት ጀመሩ። ወቅቱ አዝመራ የተሰበሰበበት፣ ገበሬው ደግሞ ፋታ ያለው ጊዜ ነው። በቢቸናና በሞጣ ሕዝቡ አናስገምትም አለ። መጀመሪያ ላይ ተቃውሞው አቤቱታ ነበር። ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደ ደብረ ማርቆስም ወደ አዲስ አበባም አቤት ለማለት ሄዱ። የሚጠይቁት አዲሱ ግብር እንዲቀር፣ ጠቅላይ ገዥው እንዲነሡላቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይውረዱ ያለ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አስተሳሰብ ገና ጽኑ ነበር፤ በደሉ የሹሙ ነው፣ ጃንሆይ ቢሰሙ ያስተካክላሉ የሚል ተስፋ አብሮ ነበር። አመፁን አብዮት ብሎ የሚጠራ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል። ገበሬው የሚፈልገው አዲስ ዓለም ሳይሆን በ1937 ዓ.ም. የተፈቀደለትን አሮጌውን ውል ነበር።

መልሱ ግን ፖሊስ ሆኖ መጣ። ገማቾቹ በታጣቂ ታጅበው ወደ መንደሮች መግባት ጀመሩ፤ ገበሬው ደግሞ መንገድ ዘጋ፣ ተኩስ ተጀመረ። ጭቃ ሹሞች፣ አርበኞች፣ ካህናት ሳይቀሩ ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። ሹማምንቱ ይህን የባላባት ሤራ ምስክር አድርገው አቀረቡት። የጎጃምን አኗኗር ለሚያውቅ ግን የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ጭቃ ሹሙም ቄሱም ርስተኛ ናቸው፣ ከዚያው ከአቅኚው አባት ይቆጥራሉ፣ መዝገቡ የሚያስፈራቸው እንደ ጎረቤታቸው ነው። በትልቅ ባለመሬትና በጢሰኛ መካከል በደቡቡ አገር የነበረው ገደል በቢቸናና በሞጣ አልነበረም፤ ሀብት ቢለያይም ወገን አንድ ነው። በእርግጥ ከግምቱ የበለጠ የሚያጡት ሰፋ ያለ መሬት የያዙት ነበሩና፣ እነርሱ ለመቀስቀስ የበለጠ ምክንያት ነበራቸው። ቀስቃሽ ግን የሚያቀጣጥለው የደረቀ ነገር ሲያገኝ ነው።

የመልክዓ ምድሩም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋናው መንገድ አባይን ተሻግሮ ደጀንን ካለፈ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄድ ነበር። ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ከጮቄ ማዶ ቀርተው ነበር። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መኪና አያስኬድም ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የአባይ ገደል አለ፤ ለሸማቂ መሸሸጊያ፣ ለመደበኛ ጦር ወጥመድ ነው። እሳቱ በጥቂት አውራጃዎች ላይ የበረታበትን ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መሬቱ ጠቧል፣ ርስቱ ተጨናንቋል፣ ጠመንጃው በእጅ ነው፣ የአርበኝነቱ ትዝታ ትኩስ ነው፣ መንግሥት ደግሞ ሩቅ ነው። እነዚህ አምስቱ በመተከልም ሆነ በአገው ምድር በዚህ መጠን አንድ ላይ አልተገናኙም። በደጋ ዳሞት ግን ብዙዎቹ ነበሩ፤ እዚያም አመፁ ተነሣ።

ጦሩ በየብስ መድረስ ሲያቅተው መንግሥት የአየር ኃይልን ላከ፤ በጎጃም መንደሮች ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተነሣውን የወያኔ አመፅ ለማብረድ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበው ነበር። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ የባዕድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የበረረው ግን የራስ አየር ኃይል ነው፤ የተገደለውም ጣሊያንን ከአገር ያስወጣው ትውልድና ልጁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህን ክፍል ሳነብ ልቤ ይደማል፤ የግብር ክርክር እዚያ መድረስ አልነበረበትም። መንግሥት የሽማግሌዎቹን አቤቱታ በመጋቢት ሰምቶ ቢሆን፣ በክረምት የሰጣቸውን መልስ ያለ ደም ሊሰጥ ይችል ነበር።

የሰጠውም እርሱኑ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ በቦታቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። በዓመቱ በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃምን ጎበኙ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመው የግብር ውዝፍ ተማረ። አዲሱ ግብር በጎጃም እንደ ሕጉ ሳይሰበሰብ ቀረ። ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ላያቸው ብዙ ይናገራሉ። ምሕረቱ የተቆጠረው አዋጅ ቁጥር 255 ከወጣበት ዓመት ሳይሆን ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ያ ደግሞ የቀደመው አመፅ ዓመት ነው። የመንግሥት የራሱ የሒሳብ መዝገብ ጎጃምና ግምጃ ቤቱ ለአሥራ ስምንት ዓመት ሳይግባቡ መኖራቸውን መሰከረ። ስለዚህ የ1960 ዓ.ም. አመፅ ድንገተኛ እሳት አልነበረም፤ ተቋርጦ የማያውቅ የአንድ ጠብ የመጨረሻው ዙር ነበር።

በኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች ላይ በ1980ዎቹ መጽሐፍ ያሳተመው ገብሩ ታረቀ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን አመፅ ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። የሦስቱ መልክ ይለያያል፤ በባሌ የሃይማኖትና የብሔረሰብ ጭቆና ከመሬት ነጠቃ ጋር ተጋምዷል፤ በጎጃም ግን አማፂውና መንግሥቱ በቋንቋም በሃይማኖትም አንድ ነበሩ። ለእኔ የጎጃምን ጉዳይ ለምርምር ብርቅ የሚያደርገው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ የእርስ በርስ ጦርነትን ምክንያት ስንፈልግ ዓይናችን ፈጥኖ ልዩነት ላይ ያርፋል። እነሆ ልዩነቱ የሌለበት ቦታ፤ ጦርነቱ ግን አለ። እንግዲህ ምክንያቱ ሰዎች በማንነታቸው በመለያየታቸው ሳይሆን፣ መንግሥት የሕይወታቸው መሠረት የሆነውን ነገር ሳያማክራቸው ሊጽፍና ሊለካ በመነሣቱ፣ ጥያቄያቸውንም በታጣቂ በመመለሱ ላይ ይገኛል።

ይህ በጎጃም ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1381 የተነሣው ታላቁ የገበሬዎች አመፅ የተቀጣጠለው በአራት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ በተጣለ የነፍስ ወከፍ ግብር ነው፤ እሳቱን የጫረው ደግሞ ማን ሳይከፍል እንደቀረ ሊመረምሩ ወደ ኤሴክስ የመጡ የንጉሡ መርማሪዎች መድረስ ነበር። እዚያም አማፂዎቹ ወጣቱን ንጉሥ ሳይሆን መካሪዎቹን ነበር የከሰሱት። ግብሩ አንድ ነገር ነው፤ ደጃፍ ድረስ መጥቶ የሚቆጥረው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕዝብ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ችሎ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር። አመፁ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ታትሞ ነበር። በቢቸና አውራጃ ባለችው ዲማ የሚኖሩት ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ተጨማሪ ግብር ሲጠይቁ፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ይነሡባቸዋል። ልብ ወለድ ለታሪክ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ጎጃምን የሚያውቅ አንድ ጸሐፊ ገበሬው ሲገፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አውቆ ነበር፤ መጽሐፉንም አዲስ አበባ ያለው የተማረ ሰው ሁሉ አንብቦታል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ የገዛ አገራቸውን አለማየታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የ1960 ዓ.ም. መፍትሔ አዲሱን ግብር አስቀረ፣ ሹሙን አነሣ፤ የመሬቱን ጥያቄ ግን አልነካም። ርስቱ እንደተጨናነቀ፣ ክርክሩ እንደቀጠለ፣ የመሬት ድርሻው በየትውልዱ እየተሸራረፈ ቆየ። የደርግ መንግሥት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በደቡብ ያለው ጢሰኛ እፎይ አለ፤ ጎጃም ውስጥ ግን ርስቱን ያጣ ብዙ ገበሬ አዋጁን በጥርጣሬ ተቀበለው፣ አንዳንዱም እንደገና ወደ ጫካ ወጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ፊውዳልና ቢሮክራት ተብለው መሬታቸው የተቀነሰባቸው የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በ1960 ዓ.ም. የሄዱት ሽማግሌዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ ሰልፍ ውስጥ መኖራቸው አይቀርም።

ደጃዝማች ፀሐዩም በአስተዳደር ሥራ ቀጠሉ። ከጎጃም ሲነሡ የተሰጣቸው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በከፋ ዋና ከተማ በጅማ ሕዝቡ በየአደባባዩ ወጥቶ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱ ጠቅላይ ገዥው እንዲነሡለት ነበር።